የቅድሚያ ጥንተ ነገር

በመስቀል ሰሞን እምድብር ያለው ቤታችን፣ በየአገሩ የተበተነውን ዘመድ ሰብስቦ ጉልበት ለጉልበት አጋጥሞ ባስቀመጠ ጊዜ፣ ክትፎው ለሁሉ መብቃቱ ያልተጠረጠረ ሲሆን፣ ከግድግዳው የተሰቀለችው ራውተር የምታካፍለው ኢንተርኔት ግን ለሁሉ የሚዳረስ አልሆነም። እናቴ ባሕር ማዶ ካለችው እኅቴ ጋር ስትነጋገር፣ ልጆቹም በጓዳ ተሸሽገው ፊልም ሲያወርዱ፣ የእኅቴ ድምፅ እየተቆራረጠ መጣና እናቴ «ልጄን ምን አገኛት?» ብላ ደነገጠች።

እኔም፣ ተምሬያለሁ ባይ እንደ መሆኔ መጠን፣ የራውተሩን ማስተካከያ ከፍቼ ጥሪው ከፊት፣ ፊልሙ ከኋላ የሚሰለፍበትን ሠንጠረዥ መሙላት ያዝሁ። ድምፅ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይ ጨዋታው መበላሸት ይጀምራል፤ ፊልም ግን ቢዘገይ የሚጐዳው ነገር የለም።

የዚህን «ማን ይቅደም» የሚሉትን ነገር ጥንት የመረመረ ሰው ከጦር ሠራዊት ደጃፍ ይደርሳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ፣ መልእክት ተከፋፍሎ የሚጓዝበት እያንዳንዱ ፓኬት በግንባሩ 3 ቢት የማዕረግ ምልክት እንዲሸከም አዝዞ ነበርና፤ ከዚያ የሚወጡት 8 ማዕረጋት፣ ከ«ተራ» ተነሥተው በ«አስቸኳይ» አልፈው እስከ «ብልጭታ»ና ከዚያም በላይ የሚያርጉት፣ ጠባያቸው ከአሜሪካ ሠራዊት የመልእክት ሥርዓት የተወረሰ ነው። ጉድለቱ ግን ምልክቱን የሚጽፈው ላኪው ራሱ መሆኑ ነበር፤ ስለ ራሱ እንዲመሰክር የተፈቀደለት ፍጡር ደግሞ «እኔ ተራ ነኝ» ሲል ተሰምቶ አይታወቅም። በ1998 ደንቡ ታድሶ ምልክቱ ወደ 6 ቢት፣ ማዕረጉም ወደ 64 ሲበዛ፣ ማዕረግን መርምሮ የመስጠቱ ሥልጣን በየግዛቱ በር ለቆመው ራውተር ሆነ።

ይሁን እንጂ የበሩ ዳኛ የሚፈርደው ወረፋው በእርሱ ደጅ ሲቆም ብቻ ነው። መስመራችን በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ ቢሆን፣ ለራውተሩ 9 ብቻ እንዳለው መንገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ወረፋው ከእኛ ቤት አልፎ ሠንጠረዣችንን ከማያነብ ከሌላ ማሽን ዘንድ ይከማቻል። ስለዚህ ሥርዓት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ጥቂት መጾም አለበት፤ ጾሙም መንገዱን አያሰፋውም፣ የሚጠብቀውን ብቻ ይለያል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ በኩራት ብተርክላቸው፣ በበሩ በኩል ወደ ጀፎረው፣ ወደዚያ ቤቶቻችን ፊት ለፊት ወደሚተያዩበት ሰፊ የሣር መንገድ እየተመለከቱ፣ «ለቅሶ ሲመጣ ሰርገኛው ጥግ ይይዛል፤ ማንም በወረቀት አልጻፈውም። አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ግን ከሽማግሌ ፊት ይቆማል» አሉኝ። ከዚያም መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ሠንጠረዡ ጎንበስ አሉና፣ «ከላይ፣ ከእናትህም በፊት፣ የተጻፈው የማን ስም ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

የእኔ ኮምፒውተር ነበር፤ ለሥራ ነው ብዬ፣ «ብልጭታ» የተባለውን ማዕረግ ለራሴ ሰጥቼ።

«አጥርህን ገፍተሃል» አሉ አባቴ።

ሽማግሌ ሳይጠራብኝ አጥሬን ነቅዬ ወደ ኋላ መለስሁ።