«ታችፓዱ ሞቷል» ከመባሉ በፊት



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ የላፕቶፕ ታችፓድ ነው። ግን ከዐስር ሰላት በኋላ እየተሰባሰብን ላፕቶፕ ስናይ ከመጡልን አንዱ፣ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ አሳይቶናል።

ባለቤቷ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እህታችን ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። ላፕቶፑን የገዛችላት ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቷ ናት። የተጫነበት ኡቡንቱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስትከፍተው ከርሰሩ አልንቀሳቀስ አለ። ያሳየችው ጠጋኝ «ታችፓዱ ሞቷል፣ መቀየር አለበት» አላት፤ የጠየቃት ብርም የሁለት ወር ወጪዋን የሚያህል ነው።

ያ ጀመዓ! ያ ብር የሚመጣው ከዚያችው ከጅዳዋ እህት ላብ ነው። ስለዚህ ሳያጣሩ «ሞቷል» ማለት የሰው ሐቅ ያለበት ንግግር ነው። ማጣራት ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ለዕቃም ያስፈልጋል።

እንዴት እናጣራ? ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየሞከርን። ሁለት ነገር አብረን ከነካን የትኛው እንደሠራ አናውቅም።

መጀመሪያ ኪቦርዱን እንይ። በብዙ ላፕቶፖች ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች በአንዱ ላይ የታችፓድ ምልክት አለ። ሳናውቀው ከኤፍኤን ጋር ከተጫነ ታችፓዱ ይዘጋል። ከዚያ በሴቲንግ ውስጥ የማውስና ታችፓድ ክፍልን እንክፈት፤ ጠፍቶ ከሆነ እናብራው። ማውስ ከሌለን የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነን ሴቲንግ ብለን መፈለግ፣ ከዚያ በታብና በቀስት ቁልፎች መሄድ እንችላለን።

ሁለተኛ፣ እጃችንን እንይ። ታችፓድ የሚለካው ጣታችን ሲያርፍበት የሚፈጠረውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ዉዱእ አድርገን ሳናደርቅ ከነካነው ውሃው ያሳስተዋልና ከርሰሩ ይዘላል። እጃችንንም ታችፓዱንም በደረቅ ጨርቅ እንጥረግ። ከርሰሩ የሚዘለው ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅለን እንሞክር፤ ሲነቀል ከተስተካከለ ችግሩ ከቻርጀሩ ወይም አርዝ ከሌለው ሶኬት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው አደጋ ስላለው ልብ በሉ። ታችፓዱ ወደ ላይ ካበጠ ወይም አልጫን ካለ ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ላፕቶፑን አጥፍተን ከቻርጀር እንንቀል፤ አንጫነው፣ አንውጋው፤ ለሚያውቅ ባለሙያ እንስጥ።

አራተኛ፣ ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የሶፍትዌሩ? ኡቡንቱ በፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሳይነካ ሊከፈት ይችላል። «ሞክር» የሚለውን እንጂ «ጫን» የሚለውን አንምረጥ። በፍላሹ ሲከፈት ታችፓዱ ከሠራ ዕቃው ደህና ነው። የእህታችንም ላፕቶፕ በፍላሽ ሲከፈት ከርሰሩ እንደ ልብ ተንቀሳቀሰ። አልሐምዱሊላህ፣ «ሞቷል» የተባለው በሕይወት ነበር!

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ስንጠይቃት ከዋዜማው ማታ አፕዴት አድርጋ ነበር። በአፕዴቱ ከርነሉ፣ ማለትም ዕቃውንና ፕሮግራሙን የሚያገናኘው የሲስተሙ ልብ፣ ተቀይሯል። ኡቡንቱ ግን የቀድሞውን ከርነል ወዲያው አይጥለውም። ላፕቶፑ ሲነሳ የግራብ ዝርዝር ይምጣልን ብለን ኢስኬፕን ነካ አደረግን፤ በቆዩ ማሽኖች ሺፍትን መያዝ ነው። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተን የቀድሞውን ከርነል መረጥን። ታችፓዱ ሠራ። ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።

አንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ ታችፓዱ የሚደነዝዘው ከእንቅልፍ ሲነሳ ነው። ያኔ ታችፓዱን የሚያንቀሳቅሰውን ሞጁል አውጥቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በብዙዎቹ ቆየት ያሉ ላፕቶፖች ስሙ ፒኤስማውስ ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ቲን አብረን ተጭነን ተርሚናል እንከፍታለን፤ «ሱዶ ሞድፕሮብ ሰረዝ አር ፒኤስማውስ» ብለን እናወጣዋለን፤ «ሱዶ ሞድፕሮብ ፒኤስማውስ» ብለን እንመልሰዋለን።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ በፍላሽም ካልሠራ፣ ያኔ ኬብሉ ወይም ታችፓዱ ራሱ ሊሆን ይችላልና ወደ ጠጋኝ እንሂድ። ጠጋኞች ወንድሞቻችን ናቸው፤ ብዙዎቹም በሐላል የሚሠሩ ናቸው። ግን «ይህን ይህን ሞክረናል» ብሎ የሚሄድ ሰው ብሩንም የጠጋኙንም ጊዜ ይቆጥባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስብ። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ኡቡንቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ብዙ ሰዎች አንዱ የፈታውን ለሌላው እየተዉ እዚህ አድርሰውታል። ፈቃዱ በሐላል በነፃ የሚገኝ ስለሆነ የተሰረቀ ፕሮግራም መጫን አያስፈልገንም። ዕውቀትን ለሌላው ማድረስ የሚያስገኘውን አጅር የምናውቅ እኛስ የተማርነውን ለጎረቤት እህትና ወንድም ብናደርስ ምን ይከብደናል?

ሰበብ ማድረስ የኛ ፋንታ ነው፤ ውጤቱ የአላህ ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በየሰፈራችሁ አንድ የኡቡንቱ ፍላሽ አዘጋጁ። ዘጠኝ ቀን የቀራት ሌላ እህት ነገ ትመጣ ይሆናል።

አላህ ከሚጠቅም ዕውቀት ይወፍቀን። ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉት።