ወስፌሽን አትስቀዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ደብረ ታቦር።

እዚህ ጋሳይ ውርጩ ገብቷል፤ ጎሕ ሲቀድ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ይታያል፤ ጉና ላይ ደግሞ ምን ያህል እንደሚበርድ አንቺው ታውቂዋለሽ። በስልክ ስናወራ የልጅ ልጄ ታለቅሳለች፣ ያሰብኩትን ሳልጨርስ እንለያያለን። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

እናትሽ እንደነገረችኝ፣ ከኪራይ ቤት ወጥታችሁ አዲሱ ቤታችሁ ስትገቡ ወስፌሽን፣ አክርማሽን፣ ኪሮሽሽን ከነክሩ በአንድ ጆንያ ከተሽ ሰቅለሽዋል። “ልጅቷ ትደግ፣ ቤቱም ይለቅ፣ ያኔ አወርደዋለሁ” ብለሻል አሉ። ልጄ፣ አሁኑኑ አውርጂው። የምለምንሽ ይህንኑ ነው።

ቤት እንደሆነ አያልቅም። ምርጊቱ ሲያልቅ ኮርኒሱ ይመጣል፣ ኮርኒሱ ሲያልቅ አጥሩ፤ አጥሩን ጨርሰን እፎይ አልን ስትሉ ክረምቱ ይገባና ቦዩን ደርምሶት ያድራል። የልጅም ነገር እንደዚያው ነው። ዛሬ እንቅልፍ ነሳችሽ፣ ነገ ጥርስ ታወጣለች፣ ከዚያ መዳህ፣ ከዚያ ድክ ድክ፣ ከዚያ ፊደል። ሁለቱ እስኪያልቁ የጠበቀች ሴት ወስፌዋን የምታነሣው ዓይኗ ከደከመ በኋላ ነው።

አያትሽ ታናሾቼን በአንቀልባ አዝላ ስትፈትል አድጌአለሁ። ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፤ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቷን ታሾራለች። ልጁ ከጀርባዋ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። ስታሾር ትከሻዋ በቀስታ ስለሚነቃነቅ፣ ያ ንቅናቄ ከእሹሩሩ የበለጠ ያስተኛዋል። ልቃቂቱ ሲበዛ ወደ ሸማኔው ይሄዳል፤ ድርና ማጉ ተሠርቶ ጋቢ ሆኖ ይመለሳል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ብዙ ፈትል ይበላል፤ ስንት ወር እንደሚፈጅ ያየ ያውቀዋል። አያትሽ ያንን ሁሉ ፈትል የፈተለችው ልጅ ጀርባዋ ላይ እያለ፣ ወጥ ምድጃው ላይ እያለ፣ በቁራጭ ጊዜ ነው። ጊዜ ተርፏት አያውቅም።

አንቀልባውም ራሱ የእጅ ሥራ ነው። ለፍተው ያለሰለሱት ቆዳ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል የተሰፋበት። የአያትሽ አንቀልባ በእናትሽ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና ስትመጣ ይዛልሽ ትመጣለች። አንገቷ በደንብ ሳይጠና ግን ጀርባሽ ላይ አታውጫት፤ እስከዚያው በክንድሽ ትሁን።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ምርጊቱ በጥቅምት ነው የተመረገው። ጭቃና የጤፍ ጭድ ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ቀን ቀን በርና መስኮቱን ወለል አድርገሽ ክፈቺው፤ ፀሐይና ነፋስ ይግባበት። የልጅቷን መኝታ ከግድግዳው አርቂው። በተለይ የአልጋው ራስጌ የሚነካውን ግድግዳ እጅሽን አሳርፈሽ ዳብሺው፤ ከቀዘቀዘሽ ገና ነው።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይከብዳል። ብርዱን ለማባረር ብለሽ የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብተሽ በር እንዳትዘጊ። ይህንን እንደ አባት አዝዝሻለሁ። ከሰሉ ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል፤ ሰውም ደኅና ይመስለዋል። ገዳዩ ያኔ ነው ያለው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ራስ ምታት ሰጥቶ እንቅልፍ ላይ ይጥላል። በአራስ ቤት ስንት ሐዘን ያመጣ ነገር ነው። ሙቀት ከፈለግሽ ጋቢ ደርቢ፤ ከአልጋው ፍራሽ ሥር ወፍራም የበግ አጎዛ አንጥፊ። ልጅቷ ግን የምትተኛው በጀርባዋ፣ ጠንከር ባለ መኝታ፣ ፊቷ ሳይሸፈን ይሁን።

ሌላው ብርድ የሚመጣው ከላይ ነው። ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ ሲሆን ንጋት ላይ ጤዛ አዝሎ ያንጠባጥባል። ባለቤትሽ የጣውላ ኮርኒስ እስኪገዛ ገንዘብ ይጠራቀም ብሏል፤ እውነቱን ነው። ግን እስከዚያው ለምን ባዶ ይቆያል? የማዳበሪያ ከረጢት ፈትታችሁ እጠቡት፤ አንቺ እያገጣጠምሽ ስፊው፤ እሱ በቀጭን አጠና ይወጥረው፤ ከላዩ ኖራ ይቀባ። ስንቱ የበጌምድር ቤት ሲሞቅ የኖረው በዚህ ነው። አቡጀዲ ካገኛችሁማ የበለጠ ያምራል። የመጀመሪያው የእጅ ሥራሽ ይኸው ይሁን፤ ልጅሽ በጀርባዋ ተኝታ ቀና ስትል የምታየው የእናቷን ስፌት ነው።

ስለ ሕፃኗ ጤና ሐኪሞቹ የሚነግሩሽን ያዢ። የጡት ወተት ብቻ እስከ 6 ወር፤ ክትባቱ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት፣ ከዚያ የኩፍኙ በ9 ወር። የጠዋት ፀሐይ ላይ አውጫት። ቅቤ አስውጫት፣ እንጥሏን አስቆርጫት የሚሉሽ አይጠፉም። በዕድሜ የሚበልጡሽን በክብር አመስግኚ፤ ልጅቷን ግን አትስጪ።

አሁን ለባለቤትሽ የምለው አለኝና ይህንን ክፍል አንብቢለት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ልጄ፣ ሕጉ ሦስት ቀን ሰጠኝ ብለህ አባትነትህን በሦስት ቀን አትጨርስ። ማታ ከሥራ ስትገባ ልጅቷን ተቀበላት፤ እናቷ እጇን ታጥባ፣ ቁጭ ብላ፣ አለላዋን ትያዝ። ወንድ ሕፃን ሲያባብል ጎረቤት ይስቃል ብለህ እንዳታስብ። ከእናንተ ወደ ወረታ ስትወርድ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራምባ አለ፤ ክቡር ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ። እዚያ ሴቷ ሸማ ትሠራለች፣ ታርሳለች፤ ወንዱ ይፈትላል፣ ያበስላል፣ ልጅ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ በዙሪያቸው ያለው ሰው አሳዷቸዋል። ዛሬ ስንቱ እንግዳ ነው ከየአገሩ እየመጣ የሚያያቸው። አንድ ቀን ልጅቷ ጠና ስትል አብራችሁ ሂዱ፤ የሽመና ዕቃዎቹን ቆማችሁ ተመልከቱ።

አንቺ ደግሞ “ዲግሪ ይዤ ስፌት?” የሚል ነገር በልብሽ እንደገባ እናትሽ ጠርጥራለች። ልጄ፣ ይህ አገራችን የታመመበት አሮጌ በሽታ ነው። ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን፣ በጫማው ሄደን፣ በማረሻው አርሰን፣ ሸማውን ለብሰን ሰደብነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ደርሷል፤ አዋጁም ስድቡን ወዲያው አላጠፋውም። ከከተማችሁ ወጣ ብሎ ያለውን ጋፋትን አስቢ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መጨረሻ ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ያሠሩት እዚያ ነው፤ የውጭ አገር ሚስዮናውያንም የኛ ሰዎችም አብረው ደክመውበታል። መድፉን ወደ መቅደላ ለመውሰድ መንገድ ሲቀደድ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ለኔ የሚገርመኝ ዘውድ የደፋ ሰው እጁን ከሥራ አለማሸሹ ነው። ጋፋት ሥር የምትኖር ሴት በወስፌዋ ልታፍር አይገባትም።

ደግሞስ ስፌት ቀላል ነገር ነው እንዴ? ስንደዶው በጊዜው ካልተነቀለ ይሰበራል። አለላው ሲቀለም ቀለሙ ካልበሰለ ሞሰቡ ላይ ይደበዝዛል። ጥለቱን በወረቀት ማንም አልሣለልሽም፤ ዙሩን በልብሽ ቆጥረሽ ነው ኮከቡ የሚገጥመው። አንድ ዙር ከሳትሽ ክዳኑ አይቀመጥም። ቀጥ ብሎ የቆመ ሞሰብ የሠራች ሴት ሒሳብ ታውቃለች።

ሥራሽን ለመሸጥ አትቸኩዪ፤ ግን መሸጥንም አትናቂ። ገበያው ላይ ፕላስቲኩ በዝቷል፤ ርካሽ ነው፤ ከሱ ጋር በዋጋ አትወዳደሪ። ሌማት የሚፈልግ ሰው ዛሬም አለ፤ ሙሽራ የምትድር እናት፣ ውጭ አገር ልጅ ያላት፣ አገልግል አስሰፍታ የምትልክ። ስንት ማታ እንደፈጀብሽ ጽፈሽ ያዢና ዋጋውን በዚያ ቁረጪ። ደጅሽ ያሉት ልጃገረዶች መማር ከፈለጉ አስተምሪያቸው፤ እነሱም ልጅቷን ይይዙልሻል። ወስፌውን ብቻ ስትጨርሺ ሁልጊዜ ከፍ አድርገሽ ሰክተሽ አስቀምጪ፤ በቅርቡ ትድሃለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው የምትወስደው። መርፌም፣ ኪሮሽም፣ ቁልፍም እንዲሁ።

ለነሐሴ 13 እኔ ራሴ እመጣለሁ። የከተማችሁ ስሟም በዓሏም የዚያን ቀን ነውና ደብረ ታቦር ኢየሱስ አብረን እንሳለማለን። እናትሽ ሙልሙል ትጋግራለች። ጅራፍ የወንድ ልጅ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ለልጅ ልጄ እገምድላታለሁ፤ ቃጫውን ከአሁኑ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ለዘንድሮ እጀታውን ብቻ ትያዝ፤ ማጮሁን ሲደርስ አስተምራታለሁ።

አባትሽ፣ ከጋሳይ