ኮምፒውተሩ የያዘው የድሮ ቁጥር



ለወንጌል ጉዞ የምንጠቀምባት አውቶማቲክ ፒክአፕ አቀበት ላይ ትደክም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። በዚያ ላይ ወንበርና ድምፅ ማጉያ ጭና ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስትወጣ ምን እንደምትሆን መንገዱን የሄደበት ያውቃል። ስለዚህ ላፍቶ አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ የኋላ ዲፍረንሻሏን ጥርስ ቀየረላት።

ዲፍረንሻል ውስጥ ትንሹ ማርሽ ትልቁን ያዞራል። የእኛዋ ትልቁ 41፣ ትንሹ 11 ጥርስ ነበራቸው፤ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 3.73 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በአዲሱ ላይ ትልቁ ያው 41 ነው፤ ትንሹ ግን 10 ሆነ፤ ሒሳቡም 4.10። የአንድ ጥርስ ልዩነት ብቻ! መኪናዋ ግን ጭነቷን ይዛ አቀበቱን የምትወጣ ሆነች።

መካኒኩ በዚህ አልጨረሰም። “መኪናችሁ ተቀይራለች፤ ኮምፒውተሯ ግን ገና አልሰማም” አለን። ፍጥነቱን የሚለካው የዘንጉን ዙር ቆጥሮ፣ በሚያውቀው ቁጥር አካፍሎ ነው። የሚያውቀው ደግሞ 3.73 ነው። ከጀሞ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ይዞን ወጣና አሳየን፤ የስልኩ ሳተላይት 60 ሲል ዳሽቦርዱ 66 ይላል። 100 ኪሎ ሜትር ተሄዶ 110 ይቆጠራል። ካምቢዮውም ማርሽ የሚቀይረው በተሳሳተው ፍጥነት ላይ ተመሥርቶ ነው። (ፍጥነትን ከጎማው ላይ በቀጥታ የሚያነቡ መኪኖችም አሉ፤ የእኛዋ ከእነሱ አይደለችም።)

እኛን የገረመን አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት አለመብራቱ ነው። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ ማካፈሉንም አልሳተም። በድሮው ቁጥር በታማኝነት እየሠራ ነበር። ከውስጥ ሆኖ ስሕተቱን ሊያውቅ አይችልም፤ ከውጭ የመጣ ሌላ መለኪያ ነው ያጋለጠው። መካኒኩ ባትሪው መሐል ላይ እንዳይደክም ቻርጀር አገናኘ፣ ላፕቶፑን ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ሰካና አዲሱን ቁጥር ጻፈ።

ጳውሎስ በሮሜ 12፥2 ስለ አእምሮ መታደስ የጻፈው ለማያምኑ ሰዎች አይደለም፤ ጌታን ለተቀበሉት ነው። ውስጣቸው የተለወጠ ሰዎች አሁንም የሚያሰሉበት ነገር መታደስ ነበረበት። ጴጥሮስን አስቡ። በበዓለ ኀምሳ መንፈስ ቅዱስን ተቀብሏል፣ ሺዎች በስብከቱ አምነዋል። ሆኖም በኢዮጴ፣ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ሰገነት ላይ፣ አሕዛብን የሚቆጥርበት ቁጥር ያው የድሮው ነበር፤ ራእዩም ሦስት ጊዜ ተደገመለት (ሐዋ. 10)። በቆርኔሌዎስ ቤት በልቶ፣ እንዲጠመቁ አዝዞ፣ በኋላ በአንጾኪያ ደግሞ ከአሕዛብ ማዕድ ሲርቅ እናገኘዋለን (ገላ. 2)። በሐዋርያ እንዲህ ከሆነ፣ “ከዳንክ በኋላ እንዴት እንዲህ ታስባለህ?” ብለን አዲስ አማኝ ላይ መጮኽ ትክክል አይመስለንም።

በኅብረታችን አንድ ወጣት አለ። በጫት ዘመኑ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ አውጥቶ ሸጧል፤ የእናቱን የአንገት ሐብል ሳይቀር። ጌታን ካገኘ ሦስት ዓመት ሆነው፤ እንጨት ቤት ይሠራል፣ የመብራቱን የሚከፍለው እሱ ነው። እናቱ ግን እስከ ዛሬ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ነው የሚተኙት። እሱም ቢሆን ደመወዙን ሲቀበል ብር እጁ ላይ ማደሩን ስለሚፈራ ለእኅቱ ይሰጣታል። ሁለቱም በድሮው ቁጥር ነው የሚያሰሉት።

“ይቅር ብለው ይርሱት እንጂ” ያሏቸው አሉ። እኛ አንስማማም። ያ ቁጥር እናትየው በዕንባ የከፈሉበት ነው፤ በአንድ እሑድ ስብከት አይፋቅም። ላፕቶፕ የሚሰካበትም ቦታ የለም።

ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲመልሰው ያደረገውን እንወዳለን። ዕዳው እንደሌለ ቆጥሮ አላለፈም፤ የወሰደብህ ነገር ካለ ከእኔ ተቀበል ብሎ በገዛ እጁ ዋስትና ጻፈ (ፊልሞና 18-19)። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ይህን አንብበው ወደ እናቱ ቤት ሄዱ። “እማማ፣ ከዚህ ቤት አንድ ነገር ቢጠፋ እኔን ይጠይቁኝ” አሏቸው። እማማ ዝም ብለው ሰሙ፣ ቡና አፈሉ። ቁልፉ ከነጠላው አልተፈታም።

ባለፈው ሳምንት ግን 500 ብር ሰጥተው ወፍጮ ቤት ላኩት። ሲመለስ መልሱን ተቀብለው በፊቱ ቆጠሩት። ልክ ነበር። ወጣቱ ይህን ሲነግረን እናቱ እንዲያምኑት እንድንጸልይ አልጠየቀም፤ ሲቆጥሩበት እንዳይከፋው ነው የጠየቀን። እናንተም በጸሎታችሁ አስቧቸው።