ተሸንፎ የሚሸጥ ነጋዴ

በልጅነታችን የካ ውስጥ ሀብታም ማለት ጆተኒ ያለው ሰው ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ አንዱ ከሱቁ ደጃፍ ላስቲክ ወጥሮ ጠረጴዛውን ካቆመ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሳንቲሙን ጨብጦ ይሰለፍለታል። እኛ ጆተኒ መግዛት ቀርቶ የአንድ ጨዋታ ሂሳብም ስላልነበረን ዳማ ወደ መሸጥ ገባን።

አቤት ንግድ! ከአናጺ የለመንነው ቁራጭ ጣውላ፣ በማስመሪያ የተሰመሩ 64 ቤቶች፣ ግማሾቹ በከሰል የጠቆሩ። ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤ 12 በፊቱ፣ 12 በጀርባው። ዋጋው 2 ብር። ደንበኞቻችን ዘበኞች፣ ልብስ ሰፊዎችና የስድስት ኪሎ ታክሲ ተራ ወጣቶች ነበሩ። ሁሉም ግን ሳይጫወት አይገዛም።

«ጋሼ፣ ይግዙኝ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ልብላህ!»

የንግዱ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። የተሸነፈ ሰው ሰሌዳው ተጣሟል፣ ከሰሉ እጅ ያቆሽሻል ይላል። ያሸነፈ ሰው ግን ያንኑ ሰሌዳ ታቅፎ ለጎረቤት ሊያሳይ ይሄዳል። እኔም መሸነፍን ተካንኩበት። ቸኩሎ መሸነፍ ያስነቃል፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት መብላት፣ ግንባር መቋጠር፣ ከዚያ ሰውየው ሲነግሥ «ኧረ ጉድ!» ብሎ ራስን መያዝ ነው። በዓለም ላይ እንደዚህ የሚያስደስት ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ አሁንም አይመስለኝም።

ምክንያቱም አሁንም እሸጣለሁ! በሳምንቱ ቀናት ሌላ እንጀራ አለኝ፤ እሑድ ግን ዕቃዬን አዝዬ ከፈረንሳይ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ነው። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ሽርሽር የሚወጣው ሰው በዝቷል፣ ለእኔም ገበያ ሆኗል። የማቀርበው ኮተቤ ያለ አናጺ የሚቦረቡርልኝን የዋንዛ ገበጣ ነው፤ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4፣ በድምሩ 48 ጠጠር። ድሮ ጠጠሩ ባቄላ ነበር፣ ባላገር ደግሞ የፍየል በጠጥም ይሆናል። እኔ ዳገቱ ላይ የምለቅመውን የነጭ ባሕር ዛፍ ፍሬ አደረግሁት። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ለገበጣ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ጉድጓዱን ማስፋት ግድ ሆነ እንጂ፣ ሲወድቅ ድምፁ ልብ ያርሳል።

መጀመሪያ ላይ የጨዋታውን ሕግ በወረቀት እያተምኩ አያይዝ ነበር። የጎጃሙ «እንዲህ አይደለም» ይላል፣ የወሎዋ እመቤት «አያቴ እንዲህ አላስተማረችኝም» ትላለች። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ገበጣዎች የጻፈውን ሳነብ ሁሉም ልክ እንደሆኑ ገባኝ፤ በየአገሩ አጨዋወቱ ብዙ ነው። ወረቀቱን ትቼዋለሁ። አሁን ለገዢ የምለው «ሕጉን አያትዎን ይጠይቁ» ብቻ ነው።

አንድ ሰው ሰንጠረዥ አዝዞኝ ደግሞ ስሠራ ከረምኩ፤ የጥንቱን፣ የመኳንንቱን ቼዝ። የእሱ አጀማመር ያስቃል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደ ፈቀዳቸው ያንቀሳቅሳሉ። ወረራ ይሉታል። ትራፊክ ፖሊስ የሌለበት የመገናኛ አደባባይ በሉት! ዕቃውን ላስረክብ ሄጄ እስከ ማታ ስንዋረር አመሸን።

ትርፉስ? ለዋንዛው፣ ለአናጺውና ለታክሲው ከከፈልኩ በኋላ የሚተርፈኝ ለማኪያቶ ነው። ሉዶን በስልኩ በነጻ የሚጫወት ወጣት ለእንጨት ብር አውጣ ሲሉት ይስቃል፤ አንዴ ካስቀመጡትና ካሸነፈኝ ግን ይገዛል። መሸነፉን አልረሳሁትም።

ዳማውንም አልተውኩም፤ የቸገረኝ ቆርኪ ነው። መጠጡ ሁሉ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሆነ ቆርኪ እንደ ድሮው መንገድ ላይ አይለቀምም። ስለዚህ የካ አካባቢ ግሮሰሪ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጣሉት፤ በመክፈቻ ያልተጣመመውን ለይታችሁ አስቀምጡልኝ፣ በኪሎ እገዛችኋለሁ።