የደበቅኋት መስመር

ኮድ የሚጽፉት የቢሮአችን ልጆች ስለ ጃቫው ማዕቀፍ ስለ ስፕሪንግ ሲከራከሩ ስሰማ ሆዴ ይስቅ ነበር። ከሥሩ ዲስፓቸርሰርቭሌት የሚባል ክላስ እንዳለ፣ እሱም የድሮው ኤችቲቲፒሰርቭሌት ዘር መሆኑን ብዙዎቹ ከፍተው አላዩም። እኔ አይቻለሁ። ኃጢአቴም ከዚህ ይጀምራል፤ በማወቄ የማገኘው ደስታ ንጹሕ አልነበረም።

ከሰርቭሌት በፊት የድር ጥያቄ ያስተናግድ የነበረው ሲጂአይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ፕሮሰስ እያስነሳ ሰርቨሩን ያስጨንቅ ነበር። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ሰርቭሌት ይህን አስቀረ፦ ክላሱ አንዴ ይጫናል፣ ኢኒት አንዴ ይጠራል፣ ከዚያ የመጣው ሁሉ በየራሱ ትሬድ ወደ ዱጌት ወይም ወደ ዱፖስት ይገባል። እስከዛሬ እወደዋለሁ።

ጉዱ የነበረው ፊደላችን ላይ ነው። ሰው በፎርም «አበበ» ብሎ ሲልክ ብራውዘሩ በዩቲኤፍ-8 ዘጠኝ ባይት ያደርገዋል፤ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይፈጃልና። በምን ኢንኮዲንግ እንደላከው ግን አይናገርም። ሰርቭሌቱም ካልተነገረው በደንቡ መሠረት አይኤስኦ-8859-1 ነው ብሎ፣ ማለትም እንደ ላቲን ያነበው ነበር። ሦስት ፊደል የነበረው ስም ዘጠኝ ባዕድ ምልክት ሆኖ ዳታቤዝ ይገባ ነበር፤ በየሦስቱ መነሻ ላይ ጭረት ያረፈባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ተገትራ። መድኃኒቱ ሴትካራክተርኢንኮዲንግ የምትባል አንዲት መስመር ነበረች። ከጌትፓራሜትር በፊት ከተጠራች ትሠራለች፤ ከዘገየች ግን አንድም ስሕተት ሳታሳይ ዝም ትላለች። በዚህች ዝምታ ነው የከበርኩት።

«ጋሼ፣ መስመሯን ጽፌያታለሁ እኮ፣ እምቢ አለች» ይለኛል አንዱ። ከሰርቭሌቱ ቀድሞ የሚሮጥ ፊልተር ፓራሜትሩን እንዳነበበበት ከወንበሬ ሳልነሳ አውቄዋለሁ። «እስቲ ደግመህ እየው» እለዋለሁ። ሲመሽና ሲጨንቀው ሄጄ መስመሯን ወደ መጀመሪያው ፊልተር አሻግሬ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱን አልነግረውም። «ጋሼ እኮ እጁ የተባረከ ነው» ሲባል፣ ያልሰማ መስዬ እያንዳንዷን ቃል እለቅም ነበር።

ታግሎ ይማር ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታልያለሁ። ታግሎ እንዲማር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የሚታገልበትን ቦታ ያሳያል፤ ሰነዱ ይኸውልህ፣ የፊልተሮቹን ቅደም ተከተል ተመልከት ይላል። እኔ የፈለግሁት እንዲጠሩኝ ነበር። ሁሉም ቢያውቅ ማን ይጠራኛል?

በኋላ ስፕሪንግ ቡት ማንም ሳያዘው ዩቲኤፍ-8ን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሰርቭሌት 4.0 ደግሞ ነገሩን ዌብ ኤክስኤምኤል በተባለው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ በሚገባ አንድ ማዘዣ ጨረሰው፤ ኮድ መንካት ቀረ። የአማርኛ ስም ሳይሰባበር የሚገባበትን ቀን ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሳነብ ግን ቀድሞ የተሰማኝ ቅናት ነው። ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። ራሳቸው ደረሱበት፤ አንዱ ሊያሳየኝ ሲመጣም እንደ አዲስ ነገር አዳመጥኩት።