የ500 ብር ቦነስ ሒሳብ

«ዛሬ ብር ሲያስገቡ 100 ፐርሰንት ቦነስ!» የሚል የቁማር ድርጅት መልእክት ደርሶት የማያውቅ ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቡልቡላ ብትፈልጉ የምታገኙ አይመስለኝም። ጉዳዩን በዝምታ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ቁማር ባይኖር ደስ ይለኛል። ግን «ተወው!» ተብሎ የተወ ሰው ብዙም አላየሁም። ለሚጫወተው ሰው ሒሳቡን ቁጭ አድርጎ ማሳየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ እንጀራዬም ሒሳብ ነውና ከማውቀው ልጀምር።

500 ብር አስገባችሁ እንበል። ድርጅቱም 500 ብር ቦነስ ጨመረላችሁ። ስልካችሁ ላይ 1,000 ብር ይታያል። ላውጣ ስትሉ ግን ቦነሱ አይወጣም። ማንም በማያነበው ደንብ ውስጥ ቦነሱን ይህን ያህል ጊዜ ማዞር አለባችሁ የሚል ግዴታ ተጽፏል። ግዴታው 30 እጥፍ ከሆነ 30 ጊዜ 500፣ ማለትም የ15,000 ብር ጨዋታ ትጫወታላችሁ። የምትጫወቱት ስሎት ከሚያዝበት ብር 96 በመቶውን ለተጫዋቾች ይመልሳል እንበል፤ በኦንላይን ስሎት የተለመደ ቁጥር ነው። ቀሪው 4 በመቶ የቤቱ፣ ማለትም የድርጅቱ ነው። የ15,000 ብር 4 በመቶ 600 ብር ይሆናል። 500 ብር «በነጻ» ለማግኘት በአማካይ 600 ብር ትከፍላላችሁ ማለት ነው። አንዳንዱ ከዚህ ያነሰ ይከስራል፣ አንዳንዱ ያተርፋል፣ ብዙ ሰው ግን 15,000ው ሳይሞላ ብሩ ያልቅበታል።

የብሪታኒያ የቁማር ኮሚሽን ይህ ግዴታ ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10 እጥፍ እንዳይበልጥ ወስኗል። በ10 እጥፍ ያው 500 ብር የሚጠይቀው የ5,000 ብር ጨዋታ ነው፤ የሚጠበቀውም ኪሳራ 200 ብር። አንድ ቁጥር ሲቀየር ያው ቦነስ ከጉዳት ወደ ጥቅም ይዞራል። ስለዚህ ቦነስ ከመቀበላችሁ በፊት ያንን ቁጥር ፈልጉት። ካልተጻፈ ወይም ካልገባችሁ ቦነሱን አትቀበሉ፤ በራሳችሁ ብር ብቻ የሚጫወት ሰው ቢያንስ ያሸነፈውን ማውጣት ይችላል።

አቪዬተርም ከዚህ አይለይም። ስፕራይብ የተባለው ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ጨዋታ 97 በመቶ እንደሚመልስ ይነገራል፤ ሰውም «100 ባስገባ 97 አይጠፋኝም» ብሎ ያስባል። ግን 3 በመቶው የሚቆረጠው አንዴ ካስገባችሁት ብር ላይ አይደለም፣ በየዙሩ ከምታስይዙት መደብ ላይ ነው። በ20 ብር መደብ 250 ዙር ብትጫወቱ 5,000 ብር አዙራችኋል፤ 3 በመቶው 150 ብር ነው። 250 ዙር ብዙ ይመስላል፤ በደቂቃ ሁለት ሦስት ዙር በሚሄድ ጨዋታ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። የጨዋታው አውሮፕላን ሳትጠፋ በ1.20 እጥፍ ቶሎ ወጣችሁ ወይም እስከ 10 እጥፍ ጠበቃችሁ፣ የቤቱ ድርሻ ያው ነው። ቴሌግራም ላይ «ሲግናል» የሚሸጡላችሁ ሰዎች አውሮፕላኗ የት እንደምትጠፋ ቢያውቁ ኖሮ ለእናንተ በ200 ብር አይሸጡትም ነበር።

ኪሳራውን የሚያከብደው የጨዋታው ፍጥነት ነው። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አብሮን ኖሯል። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ የቆረጠ ሰው ትኬቱን ኪሱ ከትቶ ዕጣው እስኪወጣ ሥራው ላይ ይቆያል። የማሸነፍ ዕድሉ ከስሎት ስለሚሻል አይደለም፤ እንዲያውም ያንሳል። ግን በመቁረጥና በማወቅ መካከል ረጅም ቀናት ስላሉ አንድ ማታ ደሞዙን ሊጨርስበት አይችልም። ቤቲንግ ቤት እንኳ መሄድን ይጠይቅ ነበር፤ ሰፈር ያያል፣ ሲመሽ በሩ ይዘጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቹ ሲታሸጉ ጨዋታው ስልክ ውስጥ ገባ። ገንዘባችንም እዚያው ነው፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረው ሕይወታችንን አቅልለዋል፣ እኔም ያለ እነሱ አልውልም። በ2014 ክረምት ደግሞ በቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉት ብድሮች መጡ። ለነጋዴም ለደሞዝተኛም ትልቅ እፎይታ ናቸው። ችግሩ የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያው፣ ብድሩና ቁማሩ አንድ ኪስ ውስጥ መገናኘታቸው ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አንድ የሚስጥር ቁጥር መጫን ይበቃል።

ጉርድ ሾላ አካባቢ ስልክ የሚጠግን አንድ ወዳጅ አለኝ። ገቢው ጥሩ ሆኖ ሳለ ወር መድረስ ሲያቅተው ሒሳቤን እይልኝ አለኝ። የቴሌብር ዝርዝሩን ከፍተን አብረን አነበብነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ10 ላይ 100 ብር። ከስድስት ደቂቃ በኋላ 100። ከዚያ 50። ከዚያ 200። ከዚያ ብድር ገባ። ከዚያ 500 ወጣ። መሐል ላይ አንድ ቀን 1,400 ብር ገብቶለታል፤ ያችን ቀን ከነሰዓቷ ያስታውሳታል፣ የወጡትን ግን አንዱንም አያስታውስም። ከወጡት ውስጥ ደንበኛ ስክሪን እንዲያስመጣለት የሰጠው ቀብድ ነበረበት። ደምረን የወሩን ጠቅላላ ሳሳየው «ይሄ የእኔ አይደለም» አለኝ።

ይህ ወዳጄ ዕቁብ ግን አንድም ሳምንት አጓድሎ አያውቅም። ለምን? የዕቁቡ ብር ገና ሳያመነታ ከእጁ ይወጣል፤ ቢዘገይ ደግሞ ሰብሳቢው ደውለው «ልጄ፣ የዛሬዋ አልደረሰችኝም» ይሉታል። ስልኩ ውስጥ ያለው ጨዋታ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው የለውም። ስለዚህ ያንኑ ልማድ ወደ ጨዋታው አመጣነው። ደሞዝ ለሚቀበልም ሰው የምለው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ኪራይ፣ ዕቁብ፣ ዕድር፣ የቤት ወጪ በዚያው ቀን ይውጡ። ለጨዋታ የተመደበው፣ የወዳጄ 300 ብር ነበር፣ ሌላ ሲም ላይ ባለ ለብቻው ዋሌት ይግባ፤ ሲኒማ እንደገባችሁበት ቁጠሩት፣ ወጥቷል። ሲያልቅ እስከሚቀጥለው ወር አለቀ። የተሸነፈውን ለማስመለስ ብድር አይነካም። ያሸነፉት ብር ጨዋታው ውስጥ አያድርም፣ ወዲያውኑ ወደ ባንክ ሒሳብ ይሄዳል። መጠኑንም አንድ ሰው ይወቀው፤ እሱ ለሚስቱ ነገራት፣ ከሁሉ የከበደውም ይኸው ነበር።

ይህ የሚሠራው ግን ወሰን አውጥቶ መቆም ለሚችል ሰው ነው። የማይችል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ቁማር መጫወትን መቆጣጠር አለመቻልን እንደ ሕመም አስፍሮታል። ያጣውን መጠን የሚደብቅ፣ ለማስመለስ የሚበደር፣ መቶ ጊዜ ምሎ የሚመለስ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ በጀት አታውጡለት፣ ስድብም አትጨምሩበት። ዋሌቱን ለጊዜው የሚታመን ሰው ይያዝለት። ወደ መርካቶ በኩል አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በከተማው ምሥራቅ በኩል ደግሞ ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ብቻውን «ሂድ» ካላችሁት ላይሄድ ይችላልና አብራችሁት ሂዱ።