የጋፋት ኮረብታና የጅምላ ሥራ

በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ተነሥተን ወደ ደብረ ታቦር ስንጓዝ፥ ወረታ አጠገብ በፎገራ ሜዳ ላይ ሰዎች ተሰልፈው ሩዝ ሲያጭዱ አየን። ዓለም በርን ካለፉ በኋላ መንገዱ ዳገት፥ አየሩም ቀዝቃዛ እየሆነ ይሄዳል፤ ቁመቱ ከ4000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራም ከሩቅ ይታያል።

የጉዞ ጓደኛዬ የወንድሜ ልጅ ነበረ። እናቱ ከመነሣታችን በፊት ለብቻዬ ጠርታ፥ «ወንድም ጋሼ፥ እባክዎ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ፤ ሌሊቱን ሁሉ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጦ ያድራል፤ ለማን እንደሚሠራ፥ ማንስ እንደሚከፍለው አይታወቅም» ብላኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬ ስለ ነበረ በመንገድ ላይ ጠየቅሁት።

ልጁ የሚደክምበት ነገር ጁምላ የሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ ሱቅ የኮምፒዩተርን ቋንቋ ሳይማር በዚህ መሣሪያ የራሱን ድረ ገጽ ሊያቆም ይችላል። የሚሠሩትም በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አንዱ ስሕተት ይፈልጋል፥ አንዱ ያርማል፥ ሌላው መመሪያ ይጽፋል ወይም ወደ ቋንቋው ይመልሳል። ስሙ ከስዋሂሊ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «ሁሉም በአንድነት» ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ነጋዴ እህሉን በጅምላ ገዛ ስንል የምንጠራው ቃል ከዚሁ ጋር ዘመድ መሆኑን ልብ ይሏል።

በማግሥቱ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ጋፋት ሄድን። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት በዚህ ስፍራ ነው። ከእነርሱም መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየር አንዱ ነበረ። እነዚህ ሰዎች ወንጌልን ለማስተማር የመጡ ነበሩ እንጂ መድፍ ለማቅለጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ንጉሡ አጥብቀው ስላዘዙ፥ ከብዙ ድካም በኋላ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነውን ሴባስቶፖልን ሠሩ። ንጉሡም በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጐተተ፥ ተራራው እየተቈረጠና መንገዱ እየተጠረገ፥ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ።

በሚያዝያ ንጉሡ ሞቱ። ዋልድማየርና ጓደኞቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋት ምድጃም ጠፋ። ኮረብታው ላይ ቆሜ ያሳዘነኝ የመድፉ ነገር አይደለም፤ መድፉስ ዛሬም መቅደላ አለ። ያሳዘነኝ እነዚያን ሠራተኞች ሲያግዙ የነበሩ ያገራችን ሰዎች ሥራውን ይዘው ሳይቀጥሉ መቅረታቸው ነው። እንደ እኔ አሳብ፥ ዕውቀቱ በጥቂቶች እጅ፥ እነርሱም በአንድ ጌታ ትእዛዝ ሥር ስለ ነበሩ፥ ጌታው ሲወድቅና እነርሱ ሲሄዱ አብሮ ሄደ።

ይህን ስናገር ልጁ ፈገግ ብሎ፥ «ጋሼ፥ የኛም ሥራ እንዲህ ሊሆን ነበረ» አለና የሚከተለውን አጫወተኝ። ጁምላ ቀድሞ ማምቦ ይባል ነበረ፤ የጀመረውም ሚሮ የሚባል ያውስትራልያ ኩባንያ ነው። በ1997 ዓ.ም. ክረምት ኩባንያው ማምቦን የሚያስተዳድር ድርጅት ሲያቋቁም፥ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች በውሳኔው በቂ ድርሻ አልተሰጠንም ብለው ቅር ተሰኙ። ነሐሴ 11 ቀን፥ ይኸውም ከደብረ ታቦር በዓል ሁለት ቀን ቀድሞ፥ በአንድሩ ኤዲ መሪነት በአንድነት ተለዩ። ሲወጡ ግን ባዶ እጃቸውን አልነበረም። ሶፍትዌሩ የወጣበት የፈቃድ ውል ማንም ሰው የተጻፈውን እንዲያነብ፥ እንዲለውጥና ለሌላው እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል፤ ግዴታው የለወጠውን ሲያስተላልፍ ይህንኑ ፈቃድ አብሮ መስጠት ነው። ስለዚህ የደከሙበትን ሥራ ቅጂ ይዘው ወጡ። አዲሱን ስም ነሐሴ 26 ቀን አስታወቁ፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጁምላ አወጡ። ማምቦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ።

በመካከላቸው ጠብ አይጠፋም፤ ራሱ ጁምላም የተወለደው ከጠብ ነው። ልጁም ብዙዎች በመሣሪያው ሲጠቀሙ የሚደክሙበት ግን ጥቂቶች እንደ ሆኑ አልሸሸገኝም።

ወደ ቤት በተመለስን ጊዜ እናቱ፥ «መከሩልኝ?» አለችኝ። እኔም ነገሩ እንደ ወንፈል መሆኑን አስረዳኋት። እርስዋም፥ «ወንፈልስ ብድሩ ይመለሳል፤ ማሳዬን ያጨደልኝን ዐውቀዋለሁ። ለዚህ ልጅ የሚመልስለት ማነው?» ብላ ጠየቀች። ልጁ መልስ ሳይሰጥ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። እርሱ ያመለከተውን አንድ ስሕተት የማያውቀው የብራዚል ሰው በዚያው ሳምንት አርሞት፥ ከሥሩም የልጁን ስም ጽፎ አመስግኖት ነበር። ስሙን ጣትዋን እያስኬደች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«መልካም፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ ግን መብራቱን አጠፋለሁ» አለች።